ካፖርት በሮቢት ፀሐይ

ሐምሌ 20፣ 1975

ወባ፣ ወባ፣ ወባ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ተደርድሮ ዋለ። ክሎሮኪን ሳድል ጣቶቼ ራሳቸው መረሩ። ከቀወት የመጣች አንዲት እናት የልጇን ክኒን ራሷ ዋጠችው። «እሱ እንቢ አለኝ፣ በጡቴ ይደርሰዋል» አለች። ምን ይባላል? ተቆጣኋት። ከዚያ ሌላ ሰጠኋት።

ቤት ስደርስ ጓድ ወልዴ በራችን ላይ ቆሟል። የቀበሌያችን የኪነት ኃላፊ። ወልደማርያም መባል ከተወ ቆየ፤ ማርያምን ጥሎ ወልዴን ብቻ ይዞ ቀረ። ከወንድሜ ከሞገስ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላ ያደገ ሰው... ዱሮ እናቴን «እማማ» እያለ አንቱ ይላት ነበር። አሁን «ጓዲት ደብሪቱ፣ አንቺ» ሆናለች። አብዮቱ ለእማዬ ያመጣላት ይህንን ነው።

«ከምሥራቅ ጀርመን የኪነት ባለሙያ ትመጣለች። ቡድናችንን ለአብዮት በዓል ታሠለጥናለች። አንቺ ታስተረጉሚያለሽ። የምታርፈውም እናንተ ጋ ነው፣ የእንግዳ ማረፊያው ውኃ የለውም።»

አልጠየቀኝም። ነገረኝ። ጀርመንኛ የለመድኩት በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ከአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ጋር ቁስል ሳጥብ ነው። ለወልዴ ይጠቅማል ብዬ አልነበረም!

«የት ትተኛ?» አልኩት።

«የሞገስ ክፍል ባዶ አይደለም ወይ?»

በዚያ አፉ... ባዶ ነው አለ። ማን ባዶ አደረገው?

ሐምሌ 21

እማዬ ክፍሉን ስታጸዳ ዋለች። የሞገስን ሸሚዝ፣ ያን ሰማያዊ ባለ መስመሩን፣ አጥፋ ሳጥኑ ሥር ከተተችው። እኔ ነኝ ድስት እያንኳኳሁ የተነጫነጭኩት።

ለማን ነው የምጽፈው? ለራሴ። ስለዚህ ልጻፈው። ሞገስን የወሰዱት የካቲት 1970 ነው። በማግስቱ ወልዴ መጣና «ያለቀሰ ይከተለዋል» ብሎን ሄደ። በቃ። መርዶ ነጋሪ አልመጣም። ድንኳን አልተጣለም። እማዬ ከል አልለበሰችም። አስከሬን ባይኖር እንኳ በእኛ አገር ልብሱ ይወጣል፣ አልጋ ላይ ይዘረጋል፣ እሱን ከበው ያለቅሱለታል። ልብሱም አልወጣ። «እግዜር ያጽናሽ» ያላት ሰው የለም። ገበያ ወጥታ ሽንኩርቷን ትሸጣለች፣ ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ያወራታል። ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሰው ሞተ ይባላል? አልሞተም፣ አልኖረም... እማዬ አምስት ዓመት እንዲህ ናት።

ሐምሌ 27

መጣች። ረጅም፣ ከሲታ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች። ሐነሎረ ትባላለች። እማዬ ገና ከበሩ ሳትገባ «ሐና» አለቻት፣ ሐና ሆና ቀረች።

ሁለት ሻንጣ። አንዱ ውስጥ አንድ ዕቃ ብቻ ነው ያለው... ካፖርት! ወፍራም፣ ግራጫ፣ የክረምት የወንድ ካፖርት። በሮቢት! እኛ በነጠላ ስንቀልጥ!

«ምን ሊሠራልሽ ነው?» ብላት፣ «የሥራ ዕቃዬ ነው» አለችኝ።

እማዬ፦ «ይቺስ ወባ ሳይደርስባት በካፖርት ትሞታለች።»

ነሐሴ 4

ሽንኩርት ስንለቅም አብራን ተቀመጠች። ሥራዋን ጠየቅኳት። አንድ ሥራ መስሎኝ! በአሥራ ሰባት ዓመቷ አሻንጉሊት አጫዋች። ከዚያ ጭፈራ። ከዚያ ጭምብል መሥራት። ሁለት መጽሐፍ ጽፋለች፤ አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ተፈጨ።

«ለምን?»

«እናቴ ለአባቴ ማታ ማታ ሳህን ታቀርብ ነበር ብዬ ስለጻፍኩ።»

አባቷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። የተዋጋው ለሂትለር ነውና አዲሱ መንግሥት ለእንደዚያ ዓይነቱ አይለቀስም አለ። እናቷ ሳህኑን እንዳቀረበች ሞተች። ይኼን ስተረጉም እማዬ እጇ ሽንኩርቱ ላይ ቀረ።

«አሁን ግን ዋናው ሥራዬ መቆም ነው» አለች።

የአባቷን ካፖርት በሁለት እጇ ይዛ አደባባይ ትወጣለች። ትቆማለች። ምንም አትናገርም። የመጀመሪያውን ጊዜ ሰው አይቷት አለፈ። በሁለተኛው ፖሊስ ወሰዳት። ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ተመድባ ስታጥብ ኖረች። በሌላ ጊዜ ወጥታ እንደገና ቆመች... ኋላ ሲሰለቿት ወደ ሩቅ አገር ላኳት። ሩቁ አገር እኛ ነን።

«መቆም?» አለች እማዬ። «ደሞዝ አለው?»

ሳቅኩ። ግን ገረመኝም፣ አናደደኝም። እኛ በየሰልፉ በግድ እንቆማለን፣ እግራችን ያብጣል፣ የቀረ ስኳር ይከለከላል። እሷ ወዳ ትቆምና ኪነት ይባላል!

ነሐሴ 12

ልምምድ። ወልዴ ከካርቶን መዶሻ አሠርቷል። ልጆቹ ሲያነሡት ይታጠፋል። ሐና መዶሻውን አስቀመጠችና «እናቶቻችሁ ከገበያ ሲመለሱ እንደሚራመዱ ተራመዱ» አለቻቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ። ኋላ አንዷ ጎንበስ ብላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትራመድ... ሁሉም ተከተሏት።

ወልዴ ደም ሥሩ ተገተረ። «ይኼ ምኑ አብዮታዊ ነው? ምን እያለች ነው?»

«ዲሲፕሊን ያስፈልጋችኋል እያለች ነው» አልኩት።

ደስ አለው። ቶሎ ደስ የሚለው ሰው ነው፣ ቃሉን ካገኘ።

ነሐሴ 19

ዛሬ ተጣላን። ጮኼባታለሁ። ልክ ነኝ፣ አሁንም ልክ ነኝ።

«የምተኛበት ክፍል የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ለቅሶው እንዴት ነበር?» አለች። የለም አልኳት። አልገባትም። የለም ማለት የለም ነው! ከልክለውናል! ገባት። ፊቷ ተለወጠ። እና ምን ብትል ጥሩ ነው? «እኔ ልቁምለት። በበዓሉ ቀን የሱን ልብስ ይዤ ልቁም።»

«የወንድሜ ሞት ያንቺ ትርኢት አይደለም!» አልኳት። እንዲያ ነው እንዴ? መንገደኛ መጥቶ የሰው ሐዘን አንሥቶ መድረክ ላይ ሊወጣ? እሷ ትሄዳለች። እኛ እዚህ ነን። እማዬ እዚህ ናት።

አልተከራከረችኝም። «ልክ ነሽ። የአባቴን ብቻ ነው የምይዘው» አለች።

እኔ ግን አልበረድኩም። «አባትሽ ሰው ገድሏል?»

«አላውቅም። ሳይገድል አይቀርም።»

«እና ታለቅሽለታለሽ?»

«ገና አልቅሼ አላውቅም። ቆሜ ብቻ ነው።»

እንደ ወልዴ ያለ ሰው ቢሆንስ? ለወልዴም አንድ ቀን ሴት ልጁ ካፖርቱን ይዛ ትቆምለት ይሆን? አትቁምለት! ትቁም እንጂ... ልጅ ምን ታድርግ?

ጳጉሜን 3

ከአውራጃ ትልልቅ ሰዎች ለበዓሉ ሊመጡ ነው። ወልዴ ሽቶ ሁሉ ተቀብቷል። ሐና ራሷ አንድ ነገር እንድታሳይ ፈለገ። «አጭር። ወዳጅነትን የሚያሳይ።»

ሐና፦ «የአባቴን ካፖርት ይዤ እቆማለሁ።»

እኔ፦ «በፋሺዝም ዘመን ያለቁትን የሚያስታውስ ጸጥ ያለ ትርኢት ነው» አልኩት።

«ፋሺዝም» ሲባል ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ተፈቀደ።

መስከረም 1

ዓመቱ ተለወጠ። ወልዴ አልተለወጠም።

መስከረም 2

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሜዳው ላይ ዳስ ተጥሏል። እንግዶቹ ከዳሱ ሥር፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ። እንደተለመደው! ንግግር፣ መፈክር፣ እንደገና ንግግር። ልጆቹ የካርቶን መዶሻቸውን አንሥተው አወረዱ። ከዚያ ሐና ወጣች።

ባዶ እግሯን ናት። ካፖርቱን ሬሳ እንደሚያቅፉት በሁለት ክንዷ ይዛዋለች። ሜዳው መሐል ሄዳ ቆመች። ዝም።

ሰው መጀመሪያ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ላቧ ከግንባሯ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። ከኋላዬ ሴቶች ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ።

«ምን ሆና ነው?»

«የአባቷ ልብስ ነው እኮ። ጦር ሜዳ ቀርቶባት፣ ለቅሶ አልተቀመጡለትም።»

ማን ነገራቸው? እማዬ ናታ! ገበያ ለገበያ የሐናን ታሪክ ከሽንኩርቱ ጋር ስታድል ከርማለች።

ያኔ ጎረቤታችን እትዬ ሙሀባ ተነሣች። ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፦ «ታዲያ ሰው የሟቹን ልብስ ይዞ ብቻውን ይቆማል? ይኼ የማን አገር ወግ ነው? እንግዳ አገር ሆና ዘመድ የላት! ነውር አይደለም እንዴ?»

ሄደች። ካድሬ ሳትል፣ ታጣቂ ሳትል፣ ሜዳውን ሰንጥቃ ሄደችና ሐናን በትከሻዋ ያዘቻት። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አብሽሪ እህቴ፣ አይዞሽ።» ሌሎቹም ተከተሉ። ለቅሶ አይተው ማለፍ የማይችሉ ሴቶች ናቸው፤ ትርኢት ነው ቢሏቸው ማን ይሰማል? የሞተ ሰው ልብስ ወጥቷል፣ ይለቀሳል። አንዷ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች፦

ልብሱን ተሸክመሽ የቆምሽ ከፀሐይ፣
ለባሹ የት ቀረ አትነግሪንም ወይ?

ሐና ቃሉን አታውቅም። ግን ያቺ ዘመኗን ሙሉ ቆማ የኖረች ሴትዮ መሬት ላይ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እማዬን ፈለግኋት። ከጎኔ የለችም። ቤታችን ከሜዳው ማዶ ነው... ስመለከት እየመጣች ነው። ነጠላዋን አገልድማ። በሁለት ክንዷ ሰማያዊውን ሸሚዝ ታቅፋ።

ልሩጥ ልያዛት? ሊወስዷት ነው አልኩ። ዛሬ አለቀላት አልኩ። ጠራኋት። እሷ ግን ማንንም አላየችም። ገብታ ከሐና ፊት ቆመችና ያ አምስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ወጣ፦

ከሩቅ አገር መጣሽ ይዘሽ ለቅሶዬን፣
አምስት ዓመት ያዘልኩት አወረድኩት ልጄን።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ሴቶቹ ወደየቤታቸው እየሮጡ ተመለሱ። አንዷ ሱሪ። አንዷ ኮፍያ። አንዷ ገና ያልታጠበ ጋቢ። እትዬ ሙሀባ የወንድሟን የበድሩን ሽርጥ ይዛ መጣች፤ እሱንም በዚያው ሰሞን ነው የወሰዱት። ይህ ሁሉ ልብስ በየሳጥኑ ሥር ነበር? በየቤቱ? እኔ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር...

አሁን ወደሚያቃጥለው። ጭብጨባ ሰማሁ።

ከአውራጃ የመጣው ትልቁ ሰው ተነሥቶ ያጨበጭባል! «እንዲህ ነው ሕዝባዊ ኪነት! ሕዝቡ ራሱ የሚሳተፍበት!» አጠገቡ ያሉት ሁሉ ተነሥተው አጨበጨቡ። እናቴ ደረቷን ስትመታ! ሴቶቹ ፊታቸውን ሲነጩ! ዝም በሉ ብዬ ልጮህ ነበር። እናንተ ናችሁ እኮ የገደላችኋቸው! የምን ጭብጨባ ነው?

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ይኼ ክፍል የሚያሳየው ምንድነው?»

«ልጆቻቸው በግፍ የተገደሉባቸው እናቶች ናቸው» አልኩት።

«ድንቅ!» አለ።

ወልዴን አየሁት። ሸሚዙን ዐውቆታል። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ሁሉን ገብቶታል፣ ግን አለቃው ያጨበጭባል። እሱም አጨበጨበ። ዐይኔን ዐይኑ ላይ ተክዬ እስኪጨርስ አየሁት።

መስከረም 3

ቤታችን ሞልቷል። የዕድር ሴቶች ወንበርና ንፍሮ ይዘው መጡ። አምስት ዓመት ያልተባለውን «እግዜር ያጽናሽ» ዛሬ ሲሉት ዋሉ። እማዬም አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ጠግባ አታውቅም።

ወልዴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፦ «ይኼን ማን ፈቀደ?»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። «አንተ አጨበጨብክ እኮ፣ ልጄ።»

ምን ይበል? ያ ለቅሶ ነበር ብሎ ለአውራጃ ይናገር? አለቃውን ያስጨበጨበው እሱ ነው።

«ግባ ወልደማርያም» አለችው። በሙሉ ስሙ። «ለቅሶ ቤት መጥቶ ቆሞ አይሄድም።»

ገባ። ተቀመጠ! በወንድሜ ለቅሶ! እማዬ ንፍሮ አስጨበጠችው። አልበላውም፤ እጁ ላይ እንደያዘው ቆየና ወጣ። እኔ ከእሱ ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠየቅኳት።

«እንዴት ታስቀምጪዋለሽ? እንዴት ከእጅሽ ትሰጪዋለሽ?»

«ሞገስ መሞቱን ያወቀ ሰው ሁሉ ይቀመጥለት» አለች። «እሱ ከማንም በፊት ያወቀ ነው።»

ንዴቴ ግን አልጠፋም።

መስከረም 5

ሐና እንድትሄድ ተነገራት። እኔም ወደ ማጀቴ ጤና ጣቢያ ተዛውሬያለሁ። ወባው እዚያ ይብሳል አሉ። ይሁን! ወልዴ ሊቀጣኝ የሚችለው በወባ ብቻ ከሆነ፣ ከወባ ጋር እንተዋወቃለን።

ሻንጣዋን ስትዘጋ፣ «ትርኢትሽን አበላሹብሽ» አልኳት።

«ስንት ዓመት ቆሜ» አለች፣ «መጥቶ አጠገቤ የቆመ ሰው አልነበረም። ያዩኛል። ይጽፉብኛል። ያስሩኛል። ጎረቤታችሁ ግን ነውር ነው ብላ መጣች።» እንደገና አለቀሰች። አሁን መቆሙን የምትተወው ይመስለኛል።

ከዚያ እማዬን፣ የሞተ ሰው ልብስ ከለቅሶ በኋላ ምን እንደሚደረግ በእኔ በኩል ጠየቀቻት።

«በሕይወት ላለ ይሰጣል። ሳጥን ውስጥ ማኖርማ ሙታኑን ማሰር ነው» አለቻት እማዬ።

ሐና ካፖርቱን ከሻንጣው አወጣችና እማዬ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ባዶውን ሻንጣ ይዛ ሄደች።

እማዬ ካፖርቱን እያገላበጠች፦ «ወይ ጉድ፣ በዚህ አገር ይኼን ማን ይለብሰዋል?»

ኅዳር 21

ከማጀቴ ለሁለት ቀን መጣሁ። ገበያ ነው። እማዬ ከል ለብሳ ሽንኩርቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ጥቁሯ ከሩቅ ይታያል። ማንም አላስወለቃትም። አንዲት ደንበኛ ሽንኩርት እየመረጠች «ሞገስ እኮ ዋና ይችል ነበር፣ የሮቢን ወንዝ ሲሞላ ያቋርጠው ነበር» ስትል ሰማሁ። በስሙ! በገበያ! ስለ ዝናብ ያወራ የለም።

የእትዬ ሙሀባ ልጅ ኢብሮ ሽንኩርት ጭኖ በጣርማበር ተራራ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ካፖርቱ የደረሰው ለእሱ ነው። ጉልበቱ ድረስ ይመጣለታል። «እማማ፣ ጉሙ ውስጥ ስገባ ብርዱ ወዲያ! ለመሆኑ የማን ነበር?»

«የሐና አባት ነው። በልና አንድ ነገር በልለት።»

«አላህ ይማረው» አለ ኢብሮ፣ እየቸኮለ። ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር።

ወልዴ አሁንም አለ። መዶሻው አሁንም ካርቶን ነው። መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም ሊለኝ አፉን ያሾላል፤ አልመልስም። እማዬ ንፍሮ ሰጠችው፣ እኔ ምንም የምሰጠው የለኝም። ወንድሜ የት እንደተቀበረ እስኪነግረኝ ድረስ የለኝም።

ወደ ቤት ስመለስ ከፍየል ተራው አጠገብ ሰማያዊ ባለ መስመር ሸሚዝ አየሁ። ትከሻው... ቁመቱ... እግሬ ራሱ ተነሥቶ ሊከተል ነበር። ሰውዬው በፍየል ዋጋ እየተከራከረ ነው። ዞር አለ። የማላውቀው የቀወት ገበሬ ነው፤ ለካ እማዬ የሞገስን ሸሚዝ ሰጥታዋለች። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ርሷል።

ይራስ።